ያልተፈተነና ዜሮ ያገኘ

(የምን ጊዜም ታላቅ ሯጫችን ማን ነው በሚለው ክርክር ላይ በመተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ በአንድ መስመር የሚያልቅ ነው፤ «ከኢትዮጵያ ሯጮች ሁሉ የምን ጊዜም ታላቁ ማን ነው?» ይላል። ርእሱን የመረጡት ወንድሞችና እኅቶች ቀላል ሸክም ያሸከሙኝ መስሏቸው ይሆናል። እንደምታውቁት ግን በመተማ ዮሐንስም ሆነ በገንዳ ውሃ ሻይ ቤት ተቀምጦ በዚህ ጥያቄ ያልተከራከረ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የለም፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ የሚያበቃው ሒሳብ በመክፈል እንጂ በስምምነት አይደለም። እኔም የመጣሁት ነገሩን ለመዝጋት ሳይሆን፣ መቼም መምህራን ነንና፣ ውጤት የምንሰጥበትን መንገድ አብረን እንድንመረምር ነው። ይሁን እንጂ ፍርዴን ደብቄ ከዚህ መድረክ አልወርድም፤ ስም እጠራለሁ።

የተከራካሪውን ዕድሜ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠራውን ስም ይስማ። ሰባ ዓመት የተሻገረው «ከአበበ ወዲያ ላሣር» ይላል። ጠጉሩ የሸበተው ጎልማሳ የምሩጽ ይፍጠርን የመጨረሻ ዙር ትናንት እንዳየው አድርጎ ይተርካል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ የነበረው ኃይሌን፣ ከእርሱ ኋላ የመጣው ቀነኒሳን ያነግሣል። እኅቶቻችን ደግሞ ደራርቱና ጥሩነሽ በክርክሩ መጨረሻ «ከሴቶችስ?» ተብሎ እንደ ምራቂ የሚነሡበትን ልማድ አይወዱትም፤ እውነት አላቸው። እንግዲህ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን የወጣትነት ዘመን እያነገሠ ነው እንጂ ሯጭ እየመዘነ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ሚዛን ይምጣ ከተባለ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርበው ሰዓት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።)

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዐውደ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ከተማ ማራቶኑን የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ያንኑ ርቀት በበርሊን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨርሶታል። በሰዓት ብቻ ከፈረድን፣ ቀነኒሳ ሲገባ አበበ ገና ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል ማለት ነው። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም፤ ችግሩ ሚዛኑ ላይ ነው። አበበ የሮጠው በባዶ እግሩ፣ ከፊሉ ጥርብ ድንጋይ በተነጠፈ ጥንታዊ መንገድ፣ አመሻሽ ላይ ጀምሮ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን ነው። አሯሯጭ አልነበረውም፤ እስከ መጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከጎኑ የነበረው የሞሮኮው ራዲ ብቻ ነው። የአክሱም ሐውልት ያን ጊዜ ቆሞበት በነበረው አደባባይ ግድም ፍጥነት ጨምሮ ተለየውና 25 ሰከንድ ያህል ቀድሞ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ቀነኒሳ በበርሊን የሮጠው በመኪና ጎማ በለሰለሰ ደልዳላ አስፋልት ላይ፣ በመጀመሪያው ግማሽ አሯሯጮች እየመሩት፣ በውስጡ የካርቦን ዝርግ የተቀበረበት ባለ ወፍራም ሶል ጫማ ተጫምቶ ነው።

ይህን የምለው የቀነኒሳን ሰዓት ለማሳነስ አይደለም። ጫማ ብቻውን ሯጭ አያደርግም፤ ቢያደርግማ ኖሮ ባለ ሱቁ ሁሉ ባለ ሜዳልያ በሆነ ነበር። ነገር ግን የአካባቢያችን ሰሊጥ አምራች የዘንድሮውን ምርት ከካቻምናው ጋር ሲያወዳድር ኩንታል ብቻ አይቆጥርም። ዝናቡ መቼ ገባ፣ በአጨዳ ሰዓት ያልታሰበ ዝናብ ደበደበው ወይ፣ የቀን ሠራተኛ በጊዜው ተገኘ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኛ የተማርነው ከእርሱ ያነሰ ጥያቄ መጠየቅ አይገባንም።

ቀነኒሳ ራሱም በተራው የዘመን መለወጥ ደርሶበታል። በ1996 ዓ.ም. በ5 ሺህ ሜትር 12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ፣ በ1997 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ ያቆማቸውን ክብረ ወሰኖች ለዐሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የነካቸው አልነበረም። የዑጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በነሐሴ 2012ና በመስከረም 2013 ሲሰብራቸው፣ በትራኩ የውስጥ ጠርዝ ላይ በተራ የሚበሩ መብራቶች ተተክለው የሚፈለገውን ፍጥነት ለሯጩ ያሳዩት ነበር። ቼፕቴጌ ታላቅ ሯጭ ነው። ቢሆንም መብራት ተከትሎ መሮጥና ፍጥነትን በገዛ እግር ስሜት ለክቶ መሮጥ አንድ ዓይነት ፈተና አይደሉም።

በዚህ ችግር የተያዝነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዞች የክሪኬትን ጨዋታ ባስለመዱባቸው አገሮች፣ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በአውስትራልያና በካሪቢያን ደሴቶች፣ በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚያልቅ ውድድር አለ። የዚህ የአንድ ቀን ጨዋታ የምን ጊዜም ታላቅ ማን ነው የሚለው ክርክራቸው ከእኛው የሻይ ቤት ክርክር ጋር መንታ ነው። ሕንዱ የሳቺን ቴንዱልካርን 18,426 ነጥብ ይቆጥራል፤ የካሪቢያኑ ሰው «ቪቭ ሪቻርድስን በዓይንህ ብታየው ኖሮ ነጥብ አትቆጥርም ነበር» ይለዋል፤ የስሪላንካው ደግሞ ኳስ መቺን ከኳስ ወርዋሪ ጋር በምን ታወዳድራላችሁ ብሎ ሙራሊታራንን ያመጣል። ሕጉም እዚያው በክርክሩ መካከል ተለዋውጧል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የዓለም ዋንጫዎች ለእያንዳንዱ ቡድን ይሰጥ የነበረው 360 ኳስ በ1980 ዓ.ም. ወደ 300 ወርዷል። እነርሱም እንደ እኛ ነጥብ ቆጥረው ሳይስማሙ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ሰዓት ካልሆነ ሜዳልያ ይቆጠር የሚል ይነሣል። ይህ ከሰዓት የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ሜዳልያ የሚገኘው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ አየር ከተሰለፉ ሰዎች ጋር ተፋልሞ ነው። ሻምበል ማሞ ወልዴ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶኑን ያሸነፈበት 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በወረቀት ላይ ከአበበ የሮም ሰዓት በአምስት ደቂቃ ይዘገያል፤ ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አበበ ራሱ በጉዳት ምክንያት ባቋረጠበት በዚያ ቀን ማሞ ሁሉንም ቀድሟል፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። አበበ በበኩሉ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሁለተኛ የወጣውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞታል። በማራቶን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ዳሩ ግን የሜዳልያውን ሰንጠረዥ ስንዘረጋ አንድ ነገር ዓይናችንን ሊይዘው ይገባል። በውስጡ ባዶ ቦታዎች አሉ። እኛ መምህራን የውጤት መዝገብ ስንሞላ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች እንጠቀማለን። ተፈትኖ ምንም ያልመለሰ ተማሪ ዜሮ ይጻፍለታል፤ ታሞ ወይም ሌላ ነገር ደርሶበት ከፈተናው የቀረው ግን «አልተፈተነም» ይባላል። ሁለቱን ያደባለቀ መምህር በርእሰ መምህሩ ፊት ይጠየቃል። የስፖርት ተከራካሪ ግን ይህን በየቀኑ ያደርገዋል፤ ጠያቂም የለውም።

«ማርሽ ቀያሪው» የተባለውን ምሩጽ ይፍጠርን እንመልከት። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፤ በ5 ሺህ ሜትር ማጣሪያ ግን ዘግይቶ ደርሶ ሳይሰለፍ ቀረ። ለምን ዘገየ የሚለው እስከ ዛሬ ብዙ ዓይነት ወሬ የሚነገርበት ነው። ለአራት ዓመት ተዘጋጅቶ በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ሲደርስ ደግሞ፣ ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ዘር ወደሚለየው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በመላክዋ የአፍሪካ አገሮች ከኦሊምፒኩ ወጡ፤ ኢትዮጵያም ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት በዱሰልዶርፍ በተደረገው የመጀመሪያው የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ ምሩጽ 5 ሺህና 10 ሺህን አሸነፈ። በ1971 ዓ.ም. እዚያው ሞንትሪያል ሄዶ ሁለቱንም ደገማቸው። በሰንጠረዡ ላይ ግን የ1968 መስመር ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞስኮ መጣ። ዕድሜው ስንት እንደሆነ ያን ጊዜም የሚያከራክር ነበር፤ ራሱ የተመለጠው ግን ለሁሉም ይታያል። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር በየተራ እየመሩ የ10 ሺህ ሜትሩን ውድድር ሰባበሩት፤ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀር ምሩጽ ማርሹን ቀየረ። ሐምሌ 25 ቀን በ5 ሺህ ሜትር የሆነውም ይኸው ነው። ሁሉም ከየት ላይ እንደሚነሣ ያውቁ ነበር፤ ማወቃቸው አልጠቀማቸውም። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ ሲያርፍ የአገሬው ሰው ያነሣው የሮጠባቸውን ሰዓቶች አልነበረም፤ ያንን የመጨረሻ ዙር ነው።

የበላይነህ ዲንሳሞ ነገር ከዚህም ይብሳል። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ፤ ይህም ከዐሥር ዓመት በላይ፣ እስከ መስከረም 1991 ዓ.ም.፣ ሳይሰበር ቆይቷል። ከድሉ አምስት ወር በኋላ የሴኡል ኦሊምፒክ ተከፈተ። ኢትዮጵያ በ1976 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተሰልፋ ሎስ አንጀለስን እንደ ቀረች ሁሉ በ1981 መስከረምም ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ ሴኡልን ቀረች። ማራቶኑን የጣልያኑ ጀሊንዶ ቦርዲን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ አሸነፈ። በላይነህ ቢኖር ያሸንፍ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የኦሊምፒክ ማራቶን በሰዓት ሳይሆን በብልሃት የሚሮጥ ነው። ሆኖም ዛሬ ወጣቶች ታላላቆቻችንን ሲዘረዝሩ የዐሥር ዓመት ባለ ክብረ ወሰን ስሙ የማይነሣው ለምንድን ነው ብዬ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «ኦሊምፒክ ላይ ምንም የለውም» የሚል ነው። «ምንም የለውም» እና «አልተፈተነም»!

እዚህ ላይ አንድ ወንድማችን እጁን እንዳነሣ አያለሁ፤ ጥያቄው ይገባኛል፤ መልሱን ከጥያቄው ላስቀድም። ባዶውን ለራሳችን ብቻ ማንበብ አይገባም። ሞስኮ ላይ ምሩጽ ሲያሸንፍ አሜሪካና ሌሎች ብዙ አገሮች አልነበሩም፤ ከሁሉ በላይ ኬንያ አልነበረችም። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1970 ዓ.ም. በ81 ቀን ውስጥ ከ3 ሺህ እስከ 10 ሺህ ሜትር በአራት ዓይነት ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ነው፤ የሞንትሪያልም የሞስኮም በር ተዘግቶበታል። ምሩጽ በሞስኮ ሮኖን አሸነፈ አንልም፤ ሮኖም በምሩጽ አልተሸነፈም። ለበላይነህ የምንጠይቀውን ምልክት ለሮኖም መስጠት ግዴታችን ነው።

የሴቶቹ መዝገብ ደግሞ ባዶው የበዛበት ነው። ማራቶን ለሴቶች በኦሊምፒክ የተፈቀደው በ1976 ዓ.ም.፣ 10 ሺህ ሜትር በ1981፣ 5 ሺህ ሜትር በ1988 ዓ.ም. ነው። አበበ በሮም ሲሮጥ ለአንዲት ሴት የተፈቀደላት ረጅሙ የኦሊምፒክ ርቀት 800 ሜትር ነበር። ስለዚህ «በአበበ ዘመን ሴት ሯጭ አልነበረንም» የሚለው አባባል ስለ እናቶቻችን እግር የሚነግረን ነገር የለም፤ የሚነግረን ስለ ሕጉ ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ምን እንደሆነ አይተናል። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ኤላና ማየር የደቡብ አፍሪካ ልጅ ናት፤ አገርዋ ለሠላሳ ሁለት ዓመት ከኦሊምፒክ ተለይታ መመለስዋ ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በ1968 ምሩጽ የቀረበት ምክንያት በዚያ ምሽት በሜዳው ላይ ሲያበቃ የታየ ይመስለኛል፤ ያ ዙር የእርሱም ጭምር ነበር። በአራተኛው ዓመት ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች።

እንግዲህ ቃል እንደ ገባሁት ስም ልጥራ። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወገኖች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ክርክራችሁም ጠንካራ ነው። ከ1985 እስከ 1991 ዓ.ም. አራት ጊዜ ተከታትሎ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን፣ ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ፣ በ1991 ዓ.ም. በቤት ውስጥ በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው። በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ወንዶች አንደኛውና ሁለተኛው እንኳ ከዚህ በላይ ተራርቀዋል። ከ1500 ሜትር እስከ ማራቶን ይህን ያህል ስፋት ያለው ሌላ ሯጭ አላውቅም።

ቢሆንም በእኔ ሚዛን ቀነኒሳ ይቀድማል፤ ምክንያቴም ሰዓቱ አይደለም። የአገር አቋራጭ ውድድር የሚባል አለ። በጭቃ፣ በሣር፣ በዳገት የሚሮጥ ነው፤ በዚያ ላይ ክብረ ወሰን የለም፣ መብራት የለም፣ የ1500 ሜትሩም የማራቶኑም ሰው በአንድ መስመር ይሰለፋል። ቀነኒሳ ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. በየዓመቱ አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ፤ በ2000 ዓ.ም. ረጅሙን ጨመረ፤ በአዋቂዎች ዐሥራ አንድ የግል ድል ማለት ነው። በትራክም ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅና አምስት የዓለም ሻምፒዮንነት አለው። የሚቀርበት ሰበብም የለውም፤ በሩ ሁሉ ተከፍቶለት በዘመኑ የነበሩትን ሁሉ ገጥሟል። በነሐሴ 1995 በፓሪስ ኃይሌን ራሱን ቀድሞ በ10 ሺህ ሜትር አሸንፏል። በዚያው ሻምፒዮና በ5 ሺህ ሜትር በወጣቱ ኪፕቾጌና በኤል ገሩዥ ተቀድሞ ሦስተኛ ሆኗል። መሸነፉን የምጠቅሰው ለማሳነስ አይደለም፤ ተፈትኗል ማለቴ ነው። በአቴና ደግሞ እርሱና ስለሺ ስሕን ቁርጭምጭሚቱን የታመመውን ኃይሌን ለመጠበቅ በውድድሩ መካከል ዘግየት ሲሉ የታየበት ጊዜ አለ፤ ይህ በነጥብ አይቆጠርም፣ እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ።

ከቀነኒሳ ቀጥዬ የማስቀምጠውም ኃይሌን አይደለም፤ ጥሩነሽ ዲባባን ነው። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ 5 ሺህና 10 ሺህን አብራ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ በለንደን 10 ሺህን ደገመች፤ ወልዳ ከተመለሰች በኋላ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ፣ አልማዝ አያና የዓለም ክብረ ወሰን በሰበረችበት ውድድር፣ ነሐስ አገኘች። ይህን ደረጃ ሻይ ቤት ወስዳችሁ እንደምታፈርሱት አውቃለሁ፤ መልካም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምሩጽንና በላይነህን ስታወርዱ በመስመሩ ላይ ዜሮ አትጻፉ።

አሁን ወደ ራሳችን ቀዬ ልመለስ፤ ለዚህ ርእስ እሺ ያልኩትም ለዚሁ ነው። የጠራኋቸውን ሯጮች የትውልድ ስፍራ ብትጠይቁ ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከበቆጂና ከአካባቢዋ፣ ኃይሌ ከአሰላ አቅራቢያ፣ ምሩጽ ከአዲግራት ናቸው። በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ እኛ ከ1,000 ሜትር በታች ነን። በስስ አየር ያደገ ልጅ ደሙ ብዙ ኦክሲጅን መሸከም ይለምዳልና ይህ በ10 ሺህ ሜትር ላይ ቁም ነገር ነው፤ አልክደውም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመተማ ቆላ 10 ሺህ ሜትር አሯሩጡ የሚል መምህርም የለም። ከዚህ ተነሥቶ ግን በየትምህርት ቤቱ «የቆላ ልጅ ሯጭ አይወጣውም» የሚል ፍርድ ሥር ሰድዷል። ይህን ፍርድ ከባልደረቦቻችን አፍ ሰምቼዋለሁ። ከየት የመጣ ውጤት ነው? ማን ፈትኖ ነው?

ከገላባት ማዶ ያለችው ሱዳን አብዛኛዋ ቆላ ናት። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ኢስማኢል አሕመድ ኢስማኢል በቤጂንግ በ800 ሜትር ብር አግኝቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ አመጣ። አቡበከር ካኪ በ2000 እና በ2002 ዓ.ም. በቤት ውስጥ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በአቴና በ5 ሺህ ሜትር ቀነኒሳን በ20 መቶኛ ሰከንድ የቀደመው ሂሻም ኤል ገሩዥም የተወለደው ከሜዲትራንያን ባሕር ብዙ በማትርቀው በበርካን ቆላ ነው፤ ወደ አትላስ ደጋ የወጣው ለልምምድ ነው። የእኛ አገር የርዝመት አምልኮ ለ800 ሜትር ዓይን አልሰጠም፤ በዚህ ርቀት የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት ያገኘነው ገና በ2004 ዓ.ም. በመሐመድ አማን ነው፤ እርሱም የአሰላ ልጅ ነው። የቆላው ልጅ ምናልባት በዚህ ርቀት፣ ምናልባትም በ400 ሜትር ይሻል ይሆናል። ይሆናል ነው የምለው፤ አልተፈተነማ!

ይህ ቃል ዛሬ በክልላችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በብዙ ወረዳ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስንቱ ተማሪ ከፈተና እንደ ቀረ በየመዝገባችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያው ዓመት ከሚያዝያ ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በዚህችው በመተማ በኩል የገቡ ልጆችም አሉ። እነዚህን ልጆች «ደካማ» ብሎ የጻፈ መዝገብ ካለ ይታረም።

የምጠይቃችሁ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ንጋት ላይ 12 ሰዓት ተኩል፣ በወር አንድ ቀን 100፣ 400ና 800 ሜትር ይሩጡ። ሜዳው በአመድም ቢሆን ይሰመር፤ ርቀቱ በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ይለካ፤ ያለበለዚያ ሰዓቱ ዋጋ የለውም። በደብተር ላይ የልጁ ስም፣ ሰዓቱ፣ ቀኑ፣ የንጋቱ ሙቀት ይጻፍ፤ የቴርሞሜትር እጥረት ካለ ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይቻላል። ሰሊጥ አጨዳ ስለ ሄደ የቀረ፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ተዘጋ የቀረ፣ ጫማ አጥቶ የቀረ (በባዶ እግር መሮጥ መፈቀዱን ንገሩት) በስሙ ትይዩ «አልተፈተነም» ተብሎ ምክንያቱ ይመዝገብ። በሚመጣው ዓመት ደብተሮቻችሁን ይዛችሁ ኑና እናነጻጽር።

ባለ 50 ሜትሩን የሸራ ሜትር ይዤ መጥቻለሁ። ፀሐይ ስትበርድ የዚህን ትምህርት ቤት ሜዳ እንለካለን፤ ዙሩ 400 ሜትር ነው የሚሉና አይሞላም የሚሉ ባልደረቦች ከጧት ጀምሮ እየተከራከሩ ነው።